ባለቤታችሁ ባንክራፕሲ ፋይል ሲያደርግ የራሳችሁን ክሬዲት እንዴት ታተርፋላችሁ?

«ባሌ ባንክራፕሲ ሊያደርግ ነው፤ የኔም ክሬዲት አብሮ ገደል ሊገባ ነው?» አሜሪካ ባለው ሐበሻ መሀል ይህ ጥያቄ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም። ነውር ስለሚመስል በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ የሚዞረው መረጃ ደግሞ ግማሹ ስህተት ነው።

ባንክራፕሲ ማለት መክፈል ያቃተው ሰው ፍርድ ቤት ዕዳውን እንዲሰርዝለት ወይም እንዲያመቻችለት የሚጠይቅበት መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የባልና ሚስት የጋራ ክሬዲት ሪፖርት የሚባል ነገር የለም። ሃያ ዓመት በትዳር ብትኖሩም ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን በሚባሉት ሦስት የክሬዲት ቢሮዎች ዘንድ ሁለት የተለያያችሁ ሰዎች ናችሁ። እሱ ቻፕተር 7 (ዕዳው በጥቂት ወራት የሚሰረዝበትን ዓይነት) ፋይል ካደረገ ነገሩ 10 ዓመት የሚቀመጠው በእሱ ሪፖርት ላይ ነው። ቻፕተር 13 (በዓመታት ፕላን የሚከፈልበት ዓይነት) ከሆነ ቢሮዎቹ ብዙውን ጊዜ በ7 ዓመት ያነሱታል። የእናንተ ሪፖርት ላይ መጻፍ የለበትም። ወደ እናንተ የሚሻገረው በዋናነት አብራችሁ በፈረማችሁት ዕዳ በኩል ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ፊርማችሁ ያለበትን ቦታ አንድም ሳይቀር ማግኘት፣ ያገኛችሁትንም አንድ ክፍያ እንኳ እንዳያልፈው መያዝ።

ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ባለቤታችሁን «እሱ» እያልኩ ነው የምሄደው። ፋይል የምታደርገው ሚስት ከሆነችም ሕጉ ያው ነው። ደግሞ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ነገሩ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ወሳኝ ነገር ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ። የእሱ ጠበቃ የእሱ ነው፤ የእናንተን ጥቅም የመጠበቅ ግዴታ የለበትም።

1. እሱ ፋይል ሳያደርግ ሦስቱንም ሪፖርት አውጡ

አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ገብታችሁ የሦስቱንም ቢሮ ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። የካርድ ቁጥር አስገቡ የሚል ሳይት ላይ ካረፋችሁ ቦታው ተሳስታችኋል፣ ውጡ። ሦስቱንም የምለው አንዱ ላይ የማይታይ አካውንት ሌላው ላይ ስለሚገኝ ነው። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ቀኑ እንዲታይ አስቀምጡት። በኋላ ስህተት ሲመጣ «ከፋይሊንጉ በፊት እንዲህ ነበር» የምትሉበት ማስረጃ ይሄ ነው።

ሪፖርቱን ስትከፍቱ ዓይናችሁ መጀመሪያ ስኮርና ባላንስ ላይ ይሮጣል። ለዛሬ ተዉት። እያንዳንዱ አካውንት ሥር ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ የምትናገር አንዲት ትንሽ መስመር አለች፦ «ኢንዲቪጁዋል»፣ «ጆይንት»፣ «ኦቶራይዝድ ዩዘር»፣ «ኮሳይነር» ትላለች። እሷን ፈልጉ። ወረቀት ላይ የአካውንቱን ስም፣ ያቺን ቃል፣ የቀረውን ዕዳና የክፍያውን ቀን ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ቤት ስትገቡ ለሶፋ የተከፈተ የፈርኒቸር ቤት ካርድ ይወጣል። ለትራኩ «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» የተባለች ፊርማም ትወጣለች።

2. ስማችሁ ያለበትን በሦስት መድቡት

ኦቶራይዝድ ዩዘር ከሆናችሁ ቀላል ነው። ካርዱ የእሱ ነው፣ እናንተ የምትጠቀሙበት ብቻ ናችሁ፣ ዕዳው አይመለከታችሁም። ነገር ግን አካውንቱ ሪፖርታችሁ ላይ ስለሚታይ ሲበላሽ አብሮ ይጎትታችኋል። ባንኩ ጋ ደውላችሁ «ስሜን አውጡልኝ» በሉ። ከዚያ ከአንድ ወይም ሁለት ወር በኋላ ከሪፖርቱ መጥፋቱን እዩ፤ ካልጠፋ ቢሮዎቹ ጋ ዲስፑት አድርጉ፣ ማለትም ስህተት ነው ብላችሁ ተከራከሩ። ካርዱ የቆየ ከሆነ ስኮራችሁ ትንሽ ሊወርድ ይችላል። ይውረድ።

ጆይንት (የጋራ ባለዕዳ) ወይም ኮሳይነር (አብሮ ፈራሚ) ከሆናችሁ ግን ዕዳው መቶ በመቶ የእናንተ ነው። የእኛ ሰው «ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የሱ» ብሎ ያስባል። አበዳሪው ግን ግማሽ አያውቅም። እሱ በባንክራፕሲ ሲወጣ ሙሉው ዕዳ እናንተ ጋ ይቀራል።

ሦስተኛው በእሱ ስም ብቻ ያለው ነው። ይሄ በመርህ ደረጃ አይነካችሁም፤ የምትኖሩበት ስቴት ግን ነገሩን ሊቀይረው ይችላል።

3. ስቴታችሁ የትኛው ወገን ነው?

አሪዞና፣ ካሊፎርኒያ፣ አይዳሆ፣ ሉዊዚያና፣ ኔቫዳ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ቴክሳስ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ዊስኮንሰን «ኮሚዩኒቲ ፕሮፐርቲ» የሚባል ሕግ አላቸው። ሲያትል፣ ላስ ቬጋስ፣ ዳላስና ሎስ አንጀለስ ያላችሁ እዚህ ውስጥ ናችሁ። በነዚህ ስቴቶች በትዳር ጊዜ የተፈራው ንብረትም የገባው ዕዳም በአብዛኛው የጋራ ነው፣ በአንዱ ስም ቢሆንም። እሱ ብቻውን ፋይል ቢያደርግም የጋራው ንብረት የባንክራፕሲው መዝገብ ውስጥ ይገባል። ጥሩ ጎንም አለው፦ ዲስቻርጅ (ዕዳውን የሚሰርዝለት የፍርድ ቤት ትእዛዝ) ካገኘ በኋላ አበዳሪዎቹ በጋራ ዕዳ ምክንያት ወደፊት የምታፈሩትን የጋራ ንብረት መንካት አይችሉም። ይሄ ከለላ ለእናንተም ይተርፋል፣ ትዳሩ እስካለ ድረስ። ከተፋታችሁ ነገሩ ይለወጣል።

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ግን ከዚህ ውጪ ናቸው። የእሱ የብቻ ዕዳ የእሱ ነው። ቤታችሁ «ቴናንሲ ባይ ዘ ኢንታይሪቲ» በሚባለው መንገድ በሁለታችሁ ስም ከተመዘገበ ደግሞ የአንዳችሁ ብቻ አበዳሪ ቤቱን በቀላሉ አይነካውም። የሁለታችሁ አበዳሪ ግን ይነካዋል። ስለዚህ የቤቱን ዲድ (የባለቤትነት ሰነድ) አውጡና ቃሉ መኖሩን አንብቡ፤ የጋራ ዕዳውም ባነሰ ቁጥር ቤታችሁ የበለጠ እንደሚጠበቅ እወቁ። የሕክምና ዕዳ ለብቻው ነው፦ ቨርጂኒያን ጨምሮ አንዳንድ ስቴቶች ሆስፒታሉ የአንዱን ሕክምና ከሌላው እንዲጠይቅ ይፈቅዳሉ።

4. ቻፕተር 7 ነው 13? ከመወሰኑ በፊት ተቀመጡና ተነጋገሩ

ለእናንተ ክሬዲት ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው፤ ብዙ ባለትዳሮች ግን ሳይነጋገሩበት ያልፋሉ።

ቻፕተር 7 ፈጣን ነው፣ ብዙውን ጊዜ አራት ወር ገደማ ይፈጃል። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው ከለላ ለእሱ ብቻ ነው። እሱን መጠየቅ የተከለከለ አበዳሪ በማግሥቱ እናንተ ጋ ቢደውል ሕግ አልጣሰም።

ቻፕተር 13 ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚፈጅ የክፍያ ፕላን ነው። እዚህ ውስጥ አብሮ ፈራሚውን የሚጠብቅ አንቀጽ አለ። ለቤተሰብ ፍጆታ የተወሰደ ዕዳ ከሆነ፣ መዝገቡ ክፍት እስካለ አበዳሪው እናንተን መክሰስም ማስጨነቅም አይችልም። ለቢዝነስ የተወሰደ ዕዳን ግን አይሸፍንም። እሱ ለትራክ ወይም ለምግብ ቤት ሥራ ሲበደር ከፈረማችሁለት ይህን ከለላ አትቁጠሩት።

አንድ ወጥመድ አለው። በሁለታችሁ ስም 12,000 ዶላር ያለበት ካርድ አለ እንበል። ፕላኑ ለካርድ አበዳሪዎች 20 በመቶ ብቻ የሚከፍል ከሆነ በአምስት ዓመት 2,400 ዶላር ይከፈላል። የቀረው 9,600 ለእሱ ይሰረዛል፣ ለእናንተ ግን አይሰረዝም። አበዳሪው ፕላኑ ሙሉውን እንደማይከፍል ካየ ደግሞ ቀድሞም ፍርድ ቤቱን አስፈቅዶ ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል። በዚያ ላይ ከለላው የሚከለክለው መጠየቅን ነው፤ የእናንተ ሪፖርት ላይ «ዘግይቷል» ብሎ መጻፍን የሚያስቆም ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ስለዚህ ጠበቃውን «ፕላኑ የጋራውን ዕዳ ሙሉ ለሙሉ ይከፍላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። አብሮ ፈራሚ ያለበትን ዕዳ ለይቶ የተሻለ መክፈል አንዳንዴ ይፈቀዳል።

ሐቁን ልናገር፦ ወረቀታችሁ ላይ ያለው ዕዳ አብዛኛው ጆይንት ከሆነ የእናንተን ክሬዲት ለማትረፍ መሮጥ ዋጋ የለውም። እንዲያ ከሆነ አብራችሁ ፋይል ማድረጉ ሊሻል ይችላል። እሱ ብቻውን ቢያደርገው የሚያዋጣው አብዛኛው ዕዳ በእሱ ስም ብቻ ሲሆን ነው።

5. የጋራ ዕዳዎቹን አንድ በአንድ ያዙ

ከሁሉም ቀድሞ ሞርጌጅ። ባንክራፕሲ የእሱን የግል ኃላፊነት ቢያነሳም ባንኩ ቤቱ ላይ ያለውን መብት አያነሳም። ቤቱን ከፈለጋችሁ ክፍያው ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ገንዘብ አጥቶ አይደለም። እሱ ፋይል ያደርጋል፤ የሞርጌጅ ድርጅቱ ማስታወቂያው ሲደርሰው አካውንቱን ወደ ባንክራፕሲ ክፍል ያዛውረዋል፤ በዚያው አውቶፔይ ይቋረጣል፣ ኦንላይን መግቢያውም ይዘጋል። እናንተ ሁሌም በወሩ መጀመሪያ እንደሚቆረጥ ስለምታስቡ አታዩትም። 30 ቀን ሲያልፍ ሪፖርታችሁ ላይ «30 ቀን ዘግይቷል» ይጻፋል፣ ገንዘቡ ቼኪንግ ውስጥ እያለ።

ስለዚህ ፋይል በተደረገ ሳምንት ደውሉ። «እኔ ፋይል አላደረግኩም፣ ተበዳሪ ነኝ፣ መክፈሌን እቀጥላለሁ። በምን መንገድ ልክፈል?» በሉ። አውቶፔይ ይሠራል ቢሏችሁም የዚያን ወር ክፍያ በዓይናችሁ እስክታዩት አትመኑ። የከፈላችሁበትን ማረጋገጫ ቁጥርና ያነጋገራችሁትን ሰው ስም ጻፉ። ክፍያችሁን ለክሬዲት ቢሮዎች በእናንተ ስም ማሳወቃቸውን እንዲቀጥሉም ጠይቁ። አንዳንዱ ድርጅት የሁለታችሁንም ሪፖርት ማድረግ ያቆማል፣ ያኔ የምትከፍሉት ሁሉ ሳይቆጠርላችሁ ይቀራል።

መኪና ላይም ያው ነው። ዕዳው አነስ ካለና ገቢያችሁ ከበቃ በእናንተ ስም ብቻ ሪፋይናንስ ማድረግ ጥሩ መውጫ ነው። ይህን የምታደርጉት ክሬዲታችሁ ገና ጤነኛ እያለ ነው።

የጋራ ካርዶች ላይ አዲስ ወጪ እንዳይገባ ዝጉና ቀሪውን ክፈሉ፣ ቢያንስ ሚኒመሙን። ከተቻለ ባላንሱን ወደ ራሳችሁ ካርድ አዙሩት። ግን በራሳችሁ ገንዘብ ክፈሉ። እሱ ሌላውን አበዳሪ ሁሉ ትቶ በራሱ ገንዘብ እናንተ የፈረማችሁበትን ካርድ ብቻ ከከፈለ፣ ትረስቲው (መዝገቡን እንዲያስተዳድር የተመደበው ሰው) ሚስቱን ለመጥቀም የተከፈለ ነው ብሎ እስከ አንድ ዓመት ወደኋላ ሄዶ ሊያስመልሰው ይችላል።

6. ገንዘብ ለዩ፣ ግን አትደብቁ

ደሞዛችሁ በስማችሁ ብቻ ወዳለ አካውንት እንዲገባ አድርጉ፣ ፋይል ከመደረጉ በፊት። የጋራ አካውንት ውስጥ ያለ ገንዘብ የማን እንደሆነ ማስረዳት ራስ ምታት ነው። የእሱን ገንዘብ ወደ እናንተ ማሻገር ግን መለየት አይደለም፣ ማሸሽ ነው።

የእኛ ሰው ጉድ የሚፈላበት እዚህ ነው። ቤቱን በእናንተ ወይም በወንድሙ ስም ማዞር፣ መኪናውን ለአጎት ልጅ «መሸጥ»፣ የዘመድ ብድር ቀድሞ መክፈል። የፌደራሉ ሕግ የንብረት ዝውውርን 2 ዓመት ወደኋላ ያያል፣ የስቴት ሕግ ደግሞ ብዙ ቦታ ከዚያም በላይ። ለዘመድ የተከፈለ ዕዳ አንድ ዓመት ወደኋላ ይታያል። «ዘመዴን አላዋርድም» ብሎ የከፈለ ሰው በመጨረሻ ትረስቲው ዘመድየውን ሲጠይቀው ያያል። የባንክራፕሲው ፎርም ላይ መዋሸት ደግሞ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌደራል ወንጀል ነው።

ፎርሙ ምን ምን ይጠይቃል? ባለፉት 2 ዓመታት ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ ስጦታ ሰጥተህ እንደሆነ ይጠይቃል። ለእናት የተላከ ገንዘብ እዚህ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል የላካችሁበትን ደረሰኝ ሰብስቡ። ንብረት የትም ይሁን የት ይጻፋል፤ አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየምና እዚያ ባንክ ያለው ገንዘብ ጭምር። እቁብስ? ገና ካልደረሰው የከፈለው ገንዘብ ንብረት ነው፣ ደርሶት ገና የሚከፍል ከሆነ ዕዳ ነው። ሁለቱም ይጻፋል። ዋሱ እናንተ ከሆናችሁ እቁቡም ከጋራ ዕዳዎች አንዱ ነውና ዝርዝራችሁ ላይ አስገቡት።

7. የእናንተ ገቢ ሲጠየቅ አትደንግጡ

አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ የእናንተ ደሞዝ በፎርሙ ላይ ይገባል። ቻፕተር 7 ይፈቀድለት እንደሆነ የሚታየው ያለፉት 6 ወራት የቤተሰብ ገቢ ተሰልቶ ነው። ቼክ ስታብ ስጡ ስትባሉ «እኔንም ሊያስገቡኝ ነው» አትበሉ። ይሄ እናንተን ፋይል አድራጊ አያደርጋችሁም፣ ሪፖርታችሁም ላይ አይወጣም። ለራሳችሁ ብቻ የምትከፍሉት ነገር ካለ፣ በስማችሁ ብቻ ያለ ካርድ ወይም የተማሪ ብድር፣ ለጠበቃው ንገሩት። ከገቢው ላይ ሊቀነስ ይችላል።

8. ታክስ

አብራችሁ ያስገባችሁት የታክስ ዕዳ የሁለታችሁም ነው። በቅርብ ዓመታት የመጣ የገቢ ታክስ ደግሞ በባንክራፕሲ በቀላሉ አይሰረዝም። እሱ ገቢውን ደብቆ እናንተ ሳታውቁ ፈርማችሁ ከሆነ ፎርም 8857 አለ፤ «እኔ ንፁህ ነኝ» ብላችሁ የምታመለክቱበት ነው። የጋራ ሪፈንድ ትረስቲው ሊጠይቀው ስለሚችል በዚያ ዓመት ለየብቻ ማስገባት ይሻል እንደሆነ ታክስ ሠሪያችሁን አሠሩት፣ ስሌቱ ከቤት ቤት ይለያያል።

9. ፋይል ከተደረገ በኋላ ስህተት ፈልጉ

በየሁለት ሳምንቱ ሪፖርታችሁን እዩ። ዲስቻርጁ ከወጣ በኋላም ሁለት ሦስት ወር ቀጥሉ። የምትፈልጉት ስህተት በጋራ አካውንት ላይ «ባንክራፕሲ ውስጥ የተካተተ» የሚል ጽሑፍ በእናንተ ሪፖርት መውጣቱን ነው። ይሄ መባል ያለበት በእሱ ሪፖርት ብቻ ነው። ወይም ደግሞ ስትከፍሉ የነበረው አካውንት «ቻርጅ ኦፍ»፣ ማለትም አበዳሪው አይከፈልም ብሎ ከመዝገቡ ያወጣው፣ ይባላል።

ካገኛችሁ ለቢሮውም ለአበዳሪውም ጻፉ። ደብዳቤው ረጅም አይሁን። እንዲህ ይበቃል፦ «ይህ አካውንት በባንክራፕሲ እንደተካተተ ተጽፎብኛል። እኔ ባንክራፕሲ ፋይል አድርጌ አላውቅም። ፋይል ያደረገው ባለቤቴ ነው፣ የመዝገቡ ቁጥር ይኸውና። ክፍያዬን ሳላቋርጥ ከፍያለሁ፣ ማስረጃው ተያይዟል። እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ።» በእንግሊዝኛ አስጽፉት እንጂ ሐሳቡ ይሄው ነው። የፋይሊንጉን የመጀመሪያ ገጽ አያይዙ፤ ስሙ የእሱ ብቻ እንደሆነ እዚያ ላይ ይታያል። ቢሮው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት። እንቢ ካለ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ፣ ሲኤፍፒቢ፣ ሳይት ላይ አቤቱታ አስገቡ። ገንዘብ አይጠይቅም።

ትዳሩም እየተናጋ ከሆነ ሦስቱም ቢሮ ላይ ክሬዲታችሁን ፍሪዝ አድርጉ። በነፃ ነው፣ በስማችሁ አዲስ አካውንት እንዳይከፈት ያግዳል። ስትፋቱ ዳኛው «ይህን ዕዳ እሱ ይክፈል» ቢልም ባንኩ በዚያ ፍርድ አይገዛም። እሱ ካልከፈለ የሚጠየቀው ፊርማ የእናንተ ነው።

10. የራሳችሁን አቁሙ

የጋራ ካርድ ሲዘጋ የምትጠቀሙት መጠን በመቶኛ ያሻቅባል። ባላንስ የሌለበት 10,000 ሊሚት ያለው የጋራ ካርድና 3,000 ሊሚት ያለው የራሳችሁ ካርድ አለ እንበል፣ የእናንተው ላይ 1,500 አለባችሁ። ከመዘጋቱ በፊት 12 በመቶ ገደማ ነበራችሁ፣ ሲዘጋ 50 በመቶ ሆናችሁ። አንድ ዶላር ሳታወጡ ስኮር ይወርዳል። ስለዚህ ከመዝጋታችሁ በፊት በስማችሁ ካርድ ይኑራችሁ፣ ያለውንም ሊሚት ከፍ አስደርጉ። ካርድ ከሌላችሁ ገንዘብ ተይዞ የሚሰጥ ሴኪዩርድ ካርድ ከባንካችሁ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን ይጀመራል።

በራሳችሁ ገቢ ብቻችሁን ስታመለክቱ አበዳሪው የባላችሁን ክሬዲት መመልከት የለበትም። ልዩነት ያለው ኮሚዩኒቲ ፕሮፐርቲ ስቴት ውስጥ ወይም በእሱ ገቢ ስትደገፉ ነው። ለምሳሌ ቴክሳስ ውስጥ በእናንተ ስም ብቻ የኤፍኤችኤ (መንግሥት ዋስትና የሚሰጠው የቤት) ብድር ብትጠይቁ የእሱም ዕዳ ከገቢያችሁ ጋር ይሰላል። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ በስሙ ብቻ ያለው ዕዳ አይቆጠርም።

አብራችሁ ለመግዛት ከፈለጋችሁ ግን ጊዜ ይጠይቃል። ከቻፕተር 7 ዲስቻርጅ በኋላ ኤፍኤችኤ ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት፣ ኮንቬንሽናል (የመንግሥት ዋስትና የሌለው ብድር) 4 ዓመት ያስጠብቃል። ብዙዎች በአንዱ ስም ገዝተው ሌላውን ዲዱ ላይ ያስገቡታል፣ ብድሩና ባለቤትነቱ የተለያዩ ስለሆኑ ይቻላል። እሱ ገና ቻፕተር 13 ውስጥ ካለ ግን ስሙን አታስገቡ፤ መዝገቡ ክፍት እያለ የሚያገኘው ንብረት ወደዚያው መዝገብ ስለሚገባ ጉዳዩ እስኪዘጋ ቆዩ።